ስለ ጓሳ መጥረጊያና ስለ ተራራው ቀይ ቀበሮ

የቤት ንጽሕና በምን ይጀመራል ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ሰው በሳሙና ይላል፤ አንዳንዱም በውኃ ይላል። እኛ ግን በመጥረጊያ ነው እንላለን። ሳሙና ያለቀበት ቤት ይኖራል፤ ውኃም ከሩቅ ምንጭ ተቀድቶ በእንስራ የሚገባበት ቤት ብዙ ነው፤ መጥረጊያ የሌለበት ቤት ግን ከባለጸጋውም ከድሃውም ዘንድ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከበር ኋላ ቆሞ የሚውለው ይህ ትንሽ ዕቃ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ወር ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ልናወራላችሁ ያሰብነው ስለዚሁ ዕቃ ነው። ነገሩ ከበር ኋላ ተነሥቶ ራቅ ካለ ተራራ ላይ ስለሚያደርሰን፣ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳና በአካባቢዋ ባሉት ገበያዎች የሚሸጠው መጥረጊያና ገመድ የሚሠራው ጓሳ ከሚባለው የውርጭ ሣር ነው። ሣሩ የሚበቅልበት አምባም ስሙን ከሣሩ ወስዶ ጓሳ ተብሎ ይጠራል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ነፋስና ጉም የማይለየው ሜዳና ኮረብታ ነው። በምሥራቅ በኩል ገደሉ ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። ከላዩ የሚመነጨው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ያለው ሣር ዝናቡን እንደ ሰፍነግ ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው፣ በበጋ ከእግሩ ሥር ምንጭ አይጠፋም። ስለ ንጹሕ ውኃ ዘወትር የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም።

የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው ብዙ ነገሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ከግድግዳ ጭቃ ጋራ ይቦካል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ፍራሽ ይሞላበታል። ከእርሱ የሚጎነጎነውን ገሳ እረኛው ዝናብ ሲመጣ ራሱን እስከ ጉልበቱ ድረስ ይሸፍንበታል። በከተማ ያደጉ ተማሪዎች ገሳን አላዩት ይሆናል፤ መምህራቸው ከአባቱ ቤት አንድ አምጥቶ ቢያሳያቸው ከማናቸውም የሥዕል መጽሐፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ጥቅም ያለው ሣር እንዴት ሳያልቅ እስከ ዘመናችን ደረሰ? እንስሳ የሚግጠው፣ ሰው የሚያጭደው፣ ከዳር ዳሩም ማረሻ የሚከበው ሜዳ ያለ ጠባቂ ቢተው ኖሮ በአንድ ሰው ዕድሜ ጠፍ መሬት ይሆን ነበር። የዳነው ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ነው። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ሥርዓቱ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ዘሮች ጓሳን በዐፅመ ርስት የጋራ አድርገው ያዙት። በመካከላቸው አለቃ መርጠው ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ከማጭድም ከከብትም ይዘጉት ነበር። ሣሩ በበቂ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በየድርሻው ያጭዳል፤ ዝናብ ሲቀርብ ደግሞ ሰውም ከብትም ይወጣና ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ሜዳውን የጠበቁት ለአውሬው አዝነው አልነበረም፤ ለቤታቸው ክዳንና ለገመዳቸው ነበር። አውሬውም በዚያው ተጠለለ።

ከተጠለሉትም ዋነኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። በአገራችንም ቢሆን የሚኖረው ከፍ ባሉት ውርጫማ ተራሮች ብቻ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ተቈጥረው 500 አይሞሉም። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ናቸው፤ የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በሌሎችም ጥቂት አምባዎች ተበታትነው ይኖራሉ። እግሩ ረጅም፣ አፈ ሙዙ ሹል፣ ጠጕሩ ቀይ ሆኖ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ ነው። ሌሊት በመንጋ ተሰብስቦ ያድርና ቀን ቀን ለየብቻው ያድናል። የሚያድነውም በብዛት አይጥና ፍልፈል ነው፤ ይህም ለገብስ ገበሬ የተላከ ነጻ አገልጋይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከእርሱ ጋራ በዚያው ሜዳ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ስለ ሁለቱ አኗኗር የሚነገር አንድ ነገር ስላለ፣ ከንጽሕና ጉዳይ ቢርቅም ሳንነግራችሁ ብናልፍ ቅር ይለናል። ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል እየተንጎራደደ ያድናል። እነርሱም አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። በጓሳ ተጠንቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የታተመ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራው የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መቍረጥ ቢያስቸግርም፣ የመንጋው ግጦሽ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ሳያስወጣቸው አይቀርም፤ ወይም በጭላዳው ብዛት ቀበሮው ለአይጦቹ ዐይን ይሰወራል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ላላ። ሥልጣኑ የቆመው በአቅኚ አባቶች ዘር ላይ ስለ ነበረ፣ ዘር መቍጠሩ ሲቀር መዝጋቱና መክፈቱም ባለቤት አጣ። በኋላ ግን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ተመካክረው፣ በዘር ሳይሆን በየቀበሌው ተወካይ ሰይመው ጥበቃውን መልሰው አቆሙት፤ ዛሬም ጓሳ የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይታወቃል። አንድ ሜዳ በመንግሥት ዘበኛ ብቻ አይጠበቅም፤ የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው የሚጠበቀው። ለዚህም ነው ስለ መጥረጊያ መጻፋችን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ከርሱም ልንሸሽ አንፈልግም። ዛሬ በመንዝም ሆነ በሌላው አገር ቤቱን በቆርቆሮ የሚከድነው ሰው እየበዛ ነው። እኛም የጤና ሰዎች እንደ መሆናችን፣ ሰው ወደ ሣር ክዳን ይመለስ አንልም። ሣር ቤት እሳት ይፈራል፤ ተባይም ይሸሸግበታል፤ ከቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ግን ንጹሕ በርሜል ከተገኘለት ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ሆኖም ሣሩ ለክዳን አያስፈልግም የተባለ ዕለት ሜዳውን ለማን ብለን እንዘጋዋለን የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም፤ ማረሻውም ከታች ሆኖ ያንኑ ይጠብቃል። ስለዚህ ሣሩ በሌላ በኩል ዋጋ ማግኘት አለበት፤ መጥረጊያ፣ ገመድ፣ ምንጣፍና ቅርጫት ሆኖ ከከተሜው ቤት መግባት አለበት ማለት ነው። በየሱቁ የሚሸጠውን የፕላስቲክ መጥረጊያ ትቶ የጓሳውን የሚገዛ ሰው፣ ሳያውቀው ለሜዳው ዘበኛ ደመወዝ ይከፍላል።

በንጽሕናም በኩል ቢሆን የጓሳው መጥረጊያ አያሳፍርም። ጭራው ቀጭንና ብርቱ ስለሆነ በመደብ ሥርና በሣጥን ማዕዘን ያለውን ትቢያ አያስቀርም። ሲያልቅ ከማዳበሪያ ጉድጓድ ቢጣል በስብሶ አፈር ይሆናል፤ የፕላስቲኩ ግን ለዘመናት አይበሰብስም፤ በግቢ ውስጥ ቢያቃጥሉት ጢሱ መርዝ ነው። አጠቃቀሙን በሚመለከት ግን ጥቂት እንምከር። ደረቅ ወለል ሲጠረግ ትቢያው ተነሥቶ በአፍንጫና በጉሮሮ ይገባል፤ ሳልና የዐይን መቈጣት ያመጣል። አስቀድሞ ውኃ ረጨት ማድረግ፣ መስኮትን መክፈት፣ ምግብና የመጠጥ ውኃ መክደን ያስፈልጋል። የወጥ ቤቱና የመጸዳጃ ቤቱ መጥረጊያ አንድ እንዳይሆን፤ ይህን ደግመን ደጋግመን ብንናገርም ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤት ሳይቀር አንዱ ለሁለቱም ሲያገለግል እናያለን። መጥረጊያውም በየሳምንቱ ታጥቦ፣ ጭራው ወደ ላይ ሆኖ ፀሐይ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። በጓሳ ሣር የተሞላ ፍራሽ ያለው ሰው ደግሞ ፍራሹን ፀሐይ ያሙቅ፤ ሣሩንም በየጊዜው ይለውጥ፤ አለዚያ ቁንጫና ትኋን ይሰፍሩበታል።

ከመጥረጊያ ወደ ምድጃ እንለፍ። በደጋ አገር ማገዶ ብርቅ ነው፤ ኩበት ይነዳል፤ ከተራራውም ላይ አስታና ሌላው ቍጥቋጦ ይለቀማል። ቍጥቋጦው በተመለመለ ቍጥር አይጡ መሸሸጊያውን፣ ቀበሮው ደግሞ የሚያድነውን ያጣል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጋግሩት እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን በበኩላቸው ሳምባቸውን በጢስ ይሞላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከቦ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል። ከዚህ በላይ ስለ እርሱ ማብዛት አያስፈልግም፤ ያየው ሰው ያውቀዋል።

ሳሙናም ሲወደድ ወይም ሲጠፋ አያቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ዛሬም ነጠላና ጋቢ ከእንዶድ በቀር በሌላ አይነጣም የሚሉ እናቶች አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድግ ስለሆነ፣ ይህ ግኝት በዓለም ታወቀ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ በውኃ ውስጥ ከጥቂት ቀናት በላይ መርዝነቱ አይቆይም፤ ይህ ከብዙ የፋብሪካ መድኃኒት ይለየዋል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላልና፣ በሐኪም መሪነት ካልሆነ በስተቀር እጣቢውን ወደ ወንዝ መድፋት አይገባም። በገንዳ አጥቦ ከምንጭ ርቆ ወደ መሬት ማፍሰስ ይበቃል። ዱቄቱም ዐይን ያቃጥላል፤ ከልጆች እጅ ይራቅ።

አሁን ወደ ፍርሃታችን እንመጣለን። ከመጥረጊያም፣ ከምድጃም፣ ከእንዶድም ይልቅ በቀይ ቀበሮውና በእኛ መካከል ሞትን የሚያመላልስ አንድ የቤታችን አባል አለ፤ እርሱም ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች በቀበሮዎቹ መካከል ገብቶ፣ ከሚታወቁት መንጋዎች አብዛኛውን ፈጀ። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። የመጣውም ከእረኞችና ከመንደር ውሾች ነው። 500 በማይሞላ ቍጥር ላይ እንዲህ ያለ ደዌ ሲመላለስ ምን ያህል ዘመን ይቆያሉ? በ2018 ዓ.ም. ለቀበሮዎቹ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ማብላት በባሌ ተጀምሯል፤ መልካም ነው፤ ግን እሳቱ የሚነሣው ከመንደር ስለሆነ መጥፋት የሚገባውም ከመንደር ነው።

በሰው ላይ ያለው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከመቶው 99 የሚሆኑት የያዛቸው ከውሻ ነው፤ ከተነከሱትም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። እነዚህም መምህራን በየቀኑ በክፍላችሁ ፊት ለፊት የምታዩአቸው ናቸው። ልጅ ተነክሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንዳይቈጡት ፈርቶ ይደብቃል፤ ቁስሉ ይድናል፤ በሽታው ግን በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ውኃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ በኋላ የሚያድነው የለም። ከዚያ በፊት ግን ይድናል። ስለዚህ ተማሪ እጁን ወይም እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ፣ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ምን ነከሰህ ብላችሁ ጠይቁት።

ተነክሶ ከተገኘ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፤ 15 ደቂቃ ከሚታሰበው ይረዝማልና። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መጀመር፤ ጀምሮም የታዘዘውን ቀን ሁሉ መጨረስ ያስፈልጋል። ጸበል የሚሄደውን ሰው አንከለክልም፤ ሃይማኖቱ ነው፤ የምንለምነው መንገዱ በጤና ጣቢያ በኩል እንዲሆን ብቻ ነው። ቁስሉን መብጣት፣ በበርበሬ ወይም በቅጠል መደፈን ግን ይጎዳል።

ውሾቹን በሚመለከት፣ በአንድ መንደር ካሉት ከ100ው 70 ያህሉ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። ይህ ማለት የእናንተ ውሻ ብቻ መከተቡ አይበቃም፤ የጎረቤትም፣ የእረኛውም፣ በቄራ አጠገብ የሚያድረውም መከተብ አለበት። የእንስሳት ሐኪም ለክትባት ወደ ወረዳው ሲመጣ ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በራፍ፣ በገበያና በትምህርት ቤት ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ልጆቹም ውሾቻቸውን በገመድ አስረው ያምጡ። የቤት ጥራጊና የእርድ ትርፍ በጉድጓድ ከተቀበረ ባለቤት የሌለው ውሻ ወደ መንደር አይሳብም፤ አይጥም አይራባም።

የጓሳ ሜዳ ለአጨዳ በሚከፈትበት ወራት ሰዉ ማጭዱን ይዞ፣ አህያውን አስቀድሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሻውም ሳይጠራ ይከተላል። በዚያን ጊዜ ሜዳው ላይ ቀበሮዎቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ይሆናል፤ የሞተ በግ ተገኝቶ ውሻውና ቀበሮው በአንድ ጥንብ ላይ ቢገናኙ ደዌው ይሻገራል። በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ መምህራን ለእረፍት ስትሄዱ ይህን ንገሯቸው፤ ውሻው ያን ዕለት ከቤት ታስሮ ይዋል፤ ለማሰሪያውም ከራሱ ከጓሳው የተገመደው ገመድ ይበቃዋል።